ሁለት ስለት

ጠዋት ከቤት ስወጣ ኪሴን እዳስሳለሁ፣
ቁልፍ፣ ስልክ፣ መታወቂያ ብዬ እቆጥራለሁ፤
አራተኛውን ግን አልቆጥረውም፣
ክብደቱን ጭኔ ያውቀዋልና እጄ አይፈልገውም።

ባለ ቀንድ እጀታ፣ ባለ ሁለት ስለት፣
ከአባቴ የቀረኝ ሰንጢ፣ ሲታጠፍ የጣት ርዝመት።
ትልቁ ስለት በሥራ አልቆ፣
ሞረድ በየዓመቱ ልሶት ወገቡ ደቆ፣
የአይጥ ጅራት አክሏል።
ትንሹ ከጎኑ ተኝቶ፣
የጥፍር ማስገቢያውን ብቻ አሳይቶ፣
አንድ ቀን ተከፍቶ አያውቅም።
ዝጎ ነው ስል ኖርኩ።

በትልቁማ
ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ብርቱካን ልጫለሁ፤
አራት ኪሎ፣ ፈተና ለረፈደበት ልጅ እርሳስ ቀርጫለሁ፤
ሽቦ ገፍፌበታለሁ፣ የካርቶን ገመድ በጥሼ፣
በክረምት ከጫማዬ ጭቃ ፍቄ፣ በሱሪዬ ጠርጌው፣ ኪሴ መልሼ።
ጥቁር አንበሳም፣ ሌሊት፣ ነርሷ መቀስ ፍለጋ ወጥታ ስትቀር፣
ከአባቴ አንጓ ላይ ስሙ ያለበትን ፕላስቲክ
በራሱ ሰንጢ ቆረጥኩለት፣ በቀስታ።

ችግሩ በር ነው።
ከተማው ሁሉ በር፣ በሩ ሁሉ ፍተሻ፤
ፍርድ ቤት ስገባ አስረክብ፣ ሲኒማ ስገባ አስረክብ፣
"ምን ያደርግልሃል?" መባል፣ ከሌባ ተራ መመደብ።
የፒያሳው ባንክ ፈታሽ፣ እቴነሽ፣ ግን ለምዳኛለች፤
"ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት!" ስላት
"ሥጋውን ደግሞ ማን ሰጠህ?" ትለኛለች።
ቁጥር ያለው ካርድ ታቀብለኛለች፣ መዝገቧ ላይ ትጽፋለች፦
ስለት ያለው ዕቃ፣ አንድ።

ባለፈው ቅዳሜ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ፣
ከብስክሌት ጎማ ሞረድ ወደሠራው ሸምሱ፤
"ትንሹንም ክፈትልኝ" አልኩ።
ዘይት ጠብ አደረገ፣ በመርፌ ጎረጎረ፣ ወደ ፀሐይ አዞረና
"ጋሼ፣ ይኼ ዝገት አይደለም" አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።
"በሊድ ተበይዷል። ሰው ነው የዘጋው፣ ሆን ብሎ፣ ተጠንቅቆ።
ልፈልቅቀው?"

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣
ፒያሳ፣ ዛሬ ሣርና መብራት በተተከለበት ስፍራ።
የብየዳ ካውያው ሲግል የሚሸተው የሊድ ጭስ
ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ እንኳ አፍንጫዬን አልለቀቀም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ይመጣል፤ ጋሽ ጉልላት።
የሚጠገን ሬዲዮ የለው፣ ወሬም የለው፣
ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ የወረደ ጠባሳ እንጂ።
አባቴ በትልቁ ስለት ብርቱካን ይልጣል፣
ልጣጩ ሳይበጠስ፣ እንደ ካሴት ክር ተጥመልምሎ ይወርዳል፤
ለሁለት ይከፍልና ትልቁን ግማሽ ለእሱ።
አንዴ፣ ልጅ ነኝ፣ "ፊትህን ምን ቆረጠህ?" አልኩት።
የአባቴ እጅ ብርቱካኑ ላይ ቆመ።
"ጢሜን ስላጭ" አለኝ ጋሽ ጉልላት፣ ጢሙን እያሻሸ።
ከሦስታችን ማንም አልሳቀም።

"ተወው" አልኩት ሸምሱን፣ "ትልቁን ብቻ ሳልልኝ።"
ሳለው። የእሳት ብናኝ ጫማዬ ላይ ረገፈ፣ ጠፋ።
ሠላሳ ብር ከፈልኩ፣
ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።

እቴነሽ መዝገቧን ገልጣ፣ ሰንጢውን አገላብጣ፣
"ለካ ሁለት ነው! ስንት ስለት ልበል?"
"አንድ በይ። ሌላው ስለት ነው።"
ብዕሯ ቆመ።
"ለየትኛው ታቦት?"
"ለጉልላት" አልኳት።
ቀና ብላ ወደ ጊዮርጊስ ጣራ አየች፣ አማተበች፣
ካርዴን ሰጠችኝ። ቁጥር አሥራ ሰባት።
ጭኔ ላይ የቀለለውን ቦታ
በእጄ ይዤ ገባሁ።